እኔ ጋ ባዶ ነው የደረሰው

«እንደምን ዋሉ፤ ኦፕሬተር ዘጠኝ ነኝ። ምን ልርዳዎ?»

በማዳመጫው ውስጥ መጀመሪያ ትንፋሽ መጣ፤ ቀጥሎ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ፤ ከዚያ «ፋይል አልገባ አለኝ» የሚል ወንድ። አራት ቃል እንኳ አልሞላም። ዘጠኝ ግን ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። ይህን ድምፅ ከሰማችው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗት ነበር።

«ኦፕሬተር... ዘጠኝ አሉኝ?»

«አዎ፤ ዘጠኝ።»

«ደኅና ነዎት?»

ደዋይ እንዲህ አይጠይቅም። ደዋይ የሚጠይቀው ስልኩ ለምን አርባ ደቂቃ ሙሉ እንዳልተነሣለት ነው።

«ደኅና ነኝ። እርስዎስ?»

«እኔማ...» አለና ቆመ። «እኔማ ፋይል አልገባ ብሎኝ ነው።»

እሱም አውቋት ነበር።

በዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስም መናገር ክልክል ነው። ለደዋይ የሚነገረው ቁጥር ብቻ ነው፤ ጥሪው ሁሉ ይቀረጻል፤ ተቆጣጣሪዋም በፈለገችው ሰዓት መስመር ውስጥ ገብታ ታዳምጣለች። ከመልመዳቸው ብዛት ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸውም የሚጠራሩት በቁጥር ሆኗል። «ሦስት ዛሬ አሟት ቀርታለች»፣ «አምስትና አሥር ተኳርፈዋል» ሲባባሉ እንግዳ ሰው ቢሰማቸው ሒሳብ እያጠኑ ይመስለዋል። ሥራቸው ለጤና ባለሙያዎች የውጭ ትምህርት ማመልከቻ የሚቀበለው ድረ ገጽ ያስቸገራቸውን ሰዎች በስልክ መርዳት ነው። የዘንድሮው ማመልከቻ የሚዘጋው በዚያው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሰዓት ከአምስት ይላል።

የማመልከቻ ቁጥሩን ነገራት፤ አስገባችው። «ሙያ፦ የላብራቶሪ ቴክኒሻን። የትምህርት ዘርፍ፦ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ። ቆይታ፦ አራት ዓመት።» የአገሩን ስም አንብባ ዓይኗን ቶሎ አነሣች። ሩቅ ነው፤ እዚህ ሲመሽ እዚያ የሚነጋበት አገር።

«ምን ይታይዎታል?»

«አረንጓዴው መስመር እስከ ጫፍ ይሞላል። መቶ በመቶ ተጭኗል ይለኛል። ከዚያ ገጹ ይመለስና ‹ማስረጃ አልቀረበም› ይላል።»

«ስድስት ጊዜ ሞክረዋል።»

«ስድስት ጊዜ።»

«እኔ ጋ ባዶ ነው የደረሰው» አለች። «ስድስቱም ጊዜ። የፋይሉ ስም ይመጣል፤ ውስጡ ግን ምንም የለም።»

«እኔ ግን ሞልቼ ነው የላክሁት።»

«ሲስተሙ የሚያውቀው የደረሰውን ብቻ ነው» አለች፤ ወዲያው ይህን በማለቷ አፈረች።

የብራውዘሩን ስም ጠየቀችው። ሲያነብላት ዓይኗን ጨፈነች። አሥር ዓመት ያለፈው፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው የረሱት ብራውዘር ነው።

«ማደስ አይቻልም?»

«አይቻልም። የደም መቁጠሪያ ማሽኑ ፕሮግራም በዚህ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ኮምፒውተሩን ያደሰ ሰው ማሽኑን ገደለው ማለት ነው። ፍላሽ እንዳናስገባበት እንኳ አሽገውታል።»

«ሌላ ኮምፒውተር የለም?»

«ሒሳብ ሹሟ ጋ አንድ አለ። እሱ ደግሞ የዚህኛው ታላቅ ወንድም ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ከጎኗ የተቀመጠችው ሰባት በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየቻት። ዘጠኝ በዚያ ወንበር ላይ ስትስቅ የሰማት ሰው አልነበረም።

በሽታውን ግን ዘጠኝ ታውቀዋለች፤ መድኃኒቱንም እንደዚሁ። በእጃቸው ባለው መመሪያ ላይ ሰባት ደረጃዎች ተጽፈዋል፤ ይኼኛው ግን የለበትም። ያገኘችው ራሷ ናት። በአሮጌ ብራውዘር የላኩ ሰዎችን ሰዓት ለሳምንታት እየመዘገበች ስታስተያይ፣ ገጹን ከፍተው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የላኩት ይደርስላቸዋል፤ ገጹ ላይ የቆዩት ባዶ ይደርሳል። አሮጌው ብራውዘር ከሰርቨሩ ጋር ያገናኘው መስመር እንደተዘጋ አያውቅም፤ ክፍት መስሎት ይልካል፤ ልኬአለሁ ብሎም ያምናል። ይህን በወረቀት ጽፋ ለተቆጣጣሪዋ ሰጥታ ነበር። ተቆጣጣሪዋ «በመመሪያው እንሂድ» አለቻት።

ስለዚህ በዚያ ቀን አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ይህ ሰው አራት ዓመት ይሄድ ወይም ይቅር እንደሆነ የሚወስን አንድ ዓረፍተ ነገር በዘጠኝ አፍ ውስጥ ነበር። አልተናገረችውም።

«ሁለተኛውን ደረጃ እንሞክር» አለች። «ብራውዘሩ ያጠራቀመውን ማስታወሻ ያጥፉልኝ።»

ጥቅም እንደሌለው ታውቃለች። ከላይ በቀኝ በኩል፣ ከዚያ ሦስተኛው መስመር፣ ከዚያ ሁሉንም ምረጥ እያለች ቀስ ብላ መራችው። ሲጨርስ እንደገና አስጀመረችው። በመካከሉ ከወዲያ ማዶ የማሽን ጉርምርምታ፣ የወንበር መንቋቋት፣ አንድ ጊዜም በሩ ላይ «ውጤቴ ደረሰ ወይ?» የሚል ሰው ይሰማ ነበር። «ነገ ጠዋት ይምጡ አባባ» ሲል ሰማችው። ድምፁ ለሽማግሌ ሲሆን እንዴት እንደሚለዝብ ረስታው ነበር።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ዳኛው ቤት፣ ማለትም ወደ ዘጠኝ አባት ቤት እየመጡ የቤተሰቡን ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ልጃቸው የስፌት መኪናውን ተሸክሞላቸው እበሩ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። በሩን አልፎ ገብቶ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ የአባቷን ደም በየወሩ ወደ ክሊኒክ ስትወስድ የሚቀበላት እሱ ሆነ። ነጭ ጋውን ለብሶ፣ በጠርሙሱ ላይ የጻፈውን ስም «እስቲ እንደገና ልየው» ብሎ ሳያነብ የማያስቀምጥ ሰው። የተዋደዱት በዚያ መስኮት በኩል ነው፤ በሦስት ደቂቃ፣ በሦስት ደቂቃ።

«አባቴን ላናግረው፤ ትንሽ ጠብቀኝ» አለችው። ስምንት ወር ጠበቃት። በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ትነሣለች፤ በየቀኑ የአባቷን ፊት አይታ ትተኛለች። በዚህ መካከል እናቷ ባል እንዲሆናት አንድ ሐኪም መርጠውላት ኖሯል። ለእሷ ሳይነግሩ ከልብሶቿ መካከል አንድ አሮጌ ቀሚስ ለይተው «በዚህ ልክ ነጭ የሠርግ ቀሚስ ይሰፋልኝ» ብለው ለልብስ ሰፊዋ ላኩ። እሱ ለምሳ ቤቱ ሲገባ አሮጌው ቀሚስ ገና ካላለቀው ነጭ ቀሚስ አጠገብ እናቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየው። ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። የማን ልክ እንደሆነ ያውቃል። በሳምንቱ ሩቅ ከተማ ሥራ ይዞ ሄደ።

እሷ ይህን ያወቀችው ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመጣ ነው። ሐኪሙ ከወላጆቹ ጋር ለምሳ በመጣ ቀን፣ ሁሉም በተቀመጠበት «አይሆንም» አለች። አባቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አናግረዋት አያውቁም። ከቤት ወጥታ አንዲት ክፍል ተከራየች። የልብስ ሰፊዋን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳች፤ ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ገና አሁን እህል መቅመስ ጀመረ። ተይልኝ፤ እባክሽ» አሏት። አድራሻውን ሳትጠይቅ ተመለሰች።

«ሦስተኛው ደረጃ» አለች። «የፋይሉ መጠን ትልቅ እንዳይሆን ይዩልኝ።»

«ትንሽ ይቆዩኝ፤ እያሳነስኩት ነው።»

ቆየችው። አሥር ደቂቃ። ጥሪዋ ከተፈቀደው ጊዜ አልፎ ስክሪኗ ላይ ያለው ሰዓት ቀላ። ተቆጣጣሪዋ ከመስታወት ክፍሏ ውስጥ እጇን አንስታ «ምንድን ነው?» አለች፤ ዘጠኝም በእጇ «አሮጌ ብራውዘር» የሚል ምልክት መለሰች፤ ማለትም ጣቷን ገመድ እንደሚያዞር ሰው አዞረች። ተቆጣጣሪዋ ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

«አሳንሼዋለሁ። ልላከው?»

«ይላኩት።»

ሰባተኛው ሙከራ ስክሪኗ ላይ መጣ። ባዶ። ገጹ ከተከፈተበት ሰዓት አጠገብ የተላከበትን አየች፤ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ። ወደ ላይ፣ ወደ ቀደሙት ሙከራዎች ተመለከተች። አራት ደቂቃ። አምስት። ሦስት ተኩል። እዚያ ገጽ ላይ የሚሞላው ነገር ሦስት ማስረጃ መምረጥና አንድ ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው።

«ይቅርታ» አለች፤ ይህን በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነበር። «ሁልጊዜ በዚህ ገጽ ላይ ይቆያሉ። የሚያቆይዎት ምንድን ነው?»

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥያቄው።»

«የትኛው?»

«የጋብቻ ሁኔታ የሚለው። ያገባ፣ ያላገባ ይላል። እዚያ ስደርስ እጄ ይቆማል።»

«አግብተዋል?»

«አላገባሁም።»

«ታዲያ ‹ያላገባ› የሚለውን ነዋ የሚመርጡት።»

«አውቃለሁ። ግን እሱን ስጫን ያለቀ ነገር ላይ የምፈርም ይመስለኛል። የሚጠብቅ የሚል ምርጫ የለውም?»

«የለውም» አለች ቀስ ብላ። «ቅጹ ላይ የሚጠብቅ የሚል የለም።»

በስልኩ ጥግ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ተቆጣጣሪዋ ማዳመጥ ጀምራለች ማለት ነው። ዘጠኝ መብራቱን እያየች ጀርባዋን አቀናች።

«ለምሳሌ» አለች፤ የመመሪያ ድምፅዋን ይዛ። «ለምሳሌ ያህል፣ ይህን ቅጽ የምሞላው እኔ ብሆን ‹ያላገባች› የሚለውን ነበር የምመርጠው።»

ከወዲያ ማዶ ማሽኑ ብቻ ጎረመረመ።

«እርስዎ?»

«እኔ።»

«የ... አንድ ነጭ ቀሚስ አይቼ ነበር።»

«አልተለበሰም።»

«አልተለበሰም?»

«አንድም ቀን። ሲሰፋ የተሰፋላት አላወቀችም ነበር።»

ከወዲያ ማዶ ሰው ፊቱን በመዳፉ ሲያብስ የሚሰማው ድምፅ መጣ።

«እንግዲያው አልልከውም» አለ።

«ምኑን?»

«ፋይሉን። ይቅር። ሳይገባ የቀረው ለምክንያት ነው። ነገ አውቶቡስ ይዤ...»

«አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» አለችና ድምፅ መዝጊያውን ተጫነች።

አሥር ሰዓት ከአርባ ስድስት። ይህን ነበር የፈለገችው። ምንም ሳታደርግ፣ ማንንም ሳትዋሽ፣ ዝም በማለት ብቻ ነገ ማታ አጠገቧ ይሆናል።

ሰባት የራሷን መስመር ዘግታ ወደ እሷ ዞረች። ሰባት ከሁሉም ታላቅ ናት፤ ባሏ እንደሞተባት ሁሉም ያውቃል፤ ስለ እሱ ጠይቆ መልስ ያገኘ ግን የለም።

«መሄድ አለበት?» አለች ሰባት።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንቺ ራስሽ ፊትሽን ብታዪው ታውቂ ነበር።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «እኔ ተሰናብቼ የሸኘሁት ሰው የለኝም። ሂድም በዪው፣ ቅርም በዪው። ዝም ብቻ አትበዪው።» ከዚያ ቀጣዩን ጥሪ አነሣች። «አዎ እናቴ፣ በግራ በኩል ያለውን ይጫኑት። አይ፤ የእርስዎን ግራ።»

ዘጠኝ ስክሪኗ ላይ ከሰባቱ ሙከራዎች ጎን የተደረደሩትን ዜሮዎች አየች። አንድ ቀን ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው የነገራት ትዝ አላት። አንዲት ትኬት ቆራጭ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ መጣች። ናሙናውን መስታወት ላይ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ በጥጥ ጠቅልሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከው። መልሱ በአምስተኛው ሳምንት ሲመጣ ወረቀቱን የተቀበለችው ልጇ ነበረች፤ እናትየዋ አልደረሰችበትም። «በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ» አላት ዘጠኝን፣ ያን ቀን ደረጃው ላይ። «ፊት ለፊቴ ነበር። ማንበብ ግን አልተማርኩም።» እንዲህ ያለ ሰው ነው። ዛሬ ቢቀርላት፣ በሩ ላይ ውጤቴ ደረሰ ወይ ያለ ሁሉ በመካከላቸው ይቀመጣል።

መዝጊያውን ለቀቀችው።

«ወረቀትና እስክሪብቶ አለዎት?»

«አልልከውም አልኩኮ።»

«ትኬት ቆራጯስ?» አለች።

ትንፋሹ ብቻ ይሰማታል።

«እዚያ ከተማ አሁንም ናሙና በጥጥ ጠቅልለው ነው የሚልኩት?»

«አዎ።»

«በስንት ሳምንት ይመለሳል?»

«በስድስት» አለ። «ይህን አታምጪብኝ።»

እርስዎ ማለቱን ተወው። እሷ አልተወችም፤ ከተወች እንደማትጨርስ ታውቃለች።

«ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት። ሦስቱን ፋይሎች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡልኝ። አሁን ገጹን ይክፈቱት፤ ከዚህ በኋላ ያለዎት አንድ ደቂቃ ነው። ምንም ነገር እንደገና አይዩ። ጥያቄው ጋ ሲደርሱ አይቁሙ።»

«አይቁሙ?»

«ከቆሙ ባዶ ይደርሳል። እስካሁን ያስቸገረዎት እሱ ነው። ይጀምሩ።»

የማውሱን ድምፅ ትሰማለች። አንድ ፋይል። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ቆመ። እዚያው ቦታ ነው።

«ይጫኑት» አለች።

«አንቺ...»

«አሁን ነው ያልኩዎት!»

ተጫነው። ስክሪኗ ላይ አዲስ መስመር ወጣ። ከጎኑ ዜሮ አልነበረም። አንድ ነጥብ ስድስት ሜጋባይት። ፎቶግራፉ፣ ዲፕሎማው፣ የሥራ ልምዱ፤ ሁሉም ደርሷል። ሰዓቱ አሥር ከሃምሳ ሦስት ይላል።

«ደርሷል» አለች። «ሞልቶ ነው የደረሰው።» የማረጋገጫውን ቁጥር አነበበችለት፤ እሱም ጻፈ። ቢጫው መብራት አሁንም በርቷል። ይብራ አለች በልቧ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «ያንን ማስታወሻ የማጥፋቱ ነገር ምንም ጥቅም የለውም። ሁለት ጊዜ አስደረግሁህ። ብራውዘሩን ስትነግረኝ ነው መድኃኒቱን ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ድምፅህን ልስማ ብዬ።»

የሳቀ መሰላት፤ ሳቅ ብቻ ግን አልነበረም።

«ፋይሉን እያሳነስኩ ነው ያልኩሽ...» አለ። «መጀመሪያውኑ ትንሽ ነበር። ምንም አላደረግሁም። ተቀምጬ ትንፋሽሽን ነበር የምሰማው።»

ዘጠኝ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። አሥር ደቂቃ ሙሉ፣ እሷ እዚህ እሱ እዚያ፣ ሁለቱም የማመልከቻው ሰዓት እንዲያልፍበት እየተመኙ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ለማንም እንዲህ አዝና አታውቅም።

ቢጫው መብራት ጠፋ። ዞር ስትል ተቆጣጣሪዋ ማዳመጫዋን አውልቃ በመስታወቱ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማለች።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ካለፍኩ በሁለት ወር።»

«ታልፋለህ።»

«አራት ዓመት ነው።»

«አውቃለሁ። አንብቤዋለሁ።»

«ጠብቂኝ አልልሽም። ያንን ቃል ከሁለታችንም በላይ የሚያውቀው የለም።»

«አትበለኝ። ጻፍልኝ ብቻ። ሳትቆይ፤ እንደመጣልህ።»

«የት ልጻፍልሽ?»

የግል አድራሻ ለደዋይ መስጠት ከሥራ ያስባርራል። ከጋራዡ በላይ ያለውን ሕንፃ፣ የመንገዱን ቁጥር፣ ደረጃውን፣ በሩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማታል።

«እስቲ እንደገና ልየው» አለና ያነብላት ጀመር። «ከጋራዡ በላይ። ቁጥር ሠላሳ አራት። ሁለተኛ ፎቅ...»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት መስመሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘጉ፤ በየጠረጴዛው ላይ የነበረው ንግግር ከመካከሉ ተቆረጠ፤ ሰዎች ማዳመጫቸውን እያወለቁ ወገባቸውን ማፍታታት ጀመሩ። ዘጠኝ አላወለቀችም። ከወዲያ ማዶ ማሽኑም ትንፋሹም የለም።

«በግራ በኩል፣ የመጨረሻው በር» አለች፤ ማንም ለማይሰማበት መስመር።

ሰባት ቦርሳዋን አንስታ አጠገቧ ቆመች። ዘጠኝ ደስታ ነው ልትለው ፈልጋ ነበር። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ግን ከደስታ ይከብዳል፤ ማዳመጫዋን እንዳደረገች እዚያው ተቀምጣ ቀረች።